ጠያቂ ሞልቶ ተረኛ ሲጠፋ፦ ስለ አስታማሚ መዛል ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

«የ38 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። እናቴን ስትሮክ ከመታት 2 ዓመት ከ4 ወር ሆነ፤ ቀኝ ጎኗ አይታዘዝላትም፣ ንግግሯም ከጥቂት ቃል አያልፍም። ወንድሜ አሜሪካ ነው፣ ገንዘብ ይልካል፤ እህቴ ባለትዳር ናት፣ እሁድ እሁድ መጥታ ትጠይቃታለች። ማገላበጡ፣ ማጠቡ፣ ማጉረሱ የእኔ ነው። በአንድ የግል ድርጅት ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ አሁን ግን ሥራዬን ልለቅ እያሰብኩ ነው። ሌሊት ስትጣራ ልቤ ይመታል፤ ቀን ምንም አይሰማኝም። ባለፈው ሳምንት ምግቡን ስትተፋብኝ ጮህኩባት፣ እጇንም ጨብጬ ነቀነቅኋት። አንዳንዴ ‹አሁንስ ባረፈች› እላለሁ፤ ይህንን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ታምሜ ነው ወይስ ክፉ ሆኜ ነው?»

ለመጨረሻው ጥያቄዎ መጀመሪያ ልመልስ። ክፉ አልሆኑም። የሌሊቱ የልብ ምት፣ የቀኑ ድንዛዜ፣ ቁጣውና ከቁጣው በኋላ የሚከተለው ጸጸት፣ ለረጅም ጊዜ ብቻቸውን ያስታመሙ ሰዎች ወደ ምርመራ ክፍሌ ገብተው በሩ ከተዘጋ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚነግሩኝ ነገር ነው። እኛ ባለሙያዎች ይህንን የአስታማሚ መዛል እንለዋለን። ከመዛሉ ጋር ድባቴም ሊኖርብዎ እንደሚችል ከጻፉት ስለምጠረጥር በአካል መታየት ይገባዎታል፤ ወደዚህ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር እንዲይዙልኝ እፈልጋለሁ፦ የዛሉት ፍቅር ወይም ትዕግሥት አንሶዎት ሳይሆን፣ በሆስፒታል ቢሆን ነርሶች በፈረቃ የሚከፋፈሉትን ሥራ ብቻዎን ስለተሸከሙት ነው። ስለዚህ «በርቺ» የሚል ምክር መድኃኒት ሊሆንዎ አይችልም፤ ሥራው ራሱ መከፋፈል አለበት።

መዛል ለባለሙያዎች መነጋገሪያ የሆነው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ፣ በኒው ዮርክ በአንድ ነፃ ክሊኒክ በበጎ ፈቃድ ያገለግሉ የነበሩ ሰዎች እንዴት ተሟጠው እንደሚቀሩ እ.ኤ.አ. በ1974 ከጻፈ በኋላ ነው። ይበልጥ ይሟጠጡ የነበሩትም ሥራውን የሚጠሉት ሳይሆኑ ራሳቸውን አብዝተው የሰጡት እንደነበሩ ፍሮይደንበርገር ልብ ብሏል። ክሪስቲና ማስላክ የተባለችው ተመራማሪ ደግሞ የመዛልን ሦስት ገጽታዎች ለየች፤ እነሱም የስሜት መሟጠጥ፣ ከሚረዱት ሰው በልብ መራቅ፣ እና የሚሠሩት ሁሉ ዋጋ እንደሌለው ሆኖ መታየት ናቸው። «ቀን ምንም አይሰማኝም» ያሉት ሁለተኛውን ነው፤ ልብ ማረፊያ ሲያጣ በራሱ ዙሪያ የሚሠራው አጥር ነው እንጂ የፍቅር ማለቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው 11ኛ የበሽታዎች ምደባ መዛልን የመዘገበው በበሽታነት ሳይሆን ከሥራ ቦታ ጋር የተያያዘ ክስተት አድርጎ ነው። (ይህ አገላለጽ ያለ ደመወዝና ያለ ዕረፍት ቀን ሌት ተቀን የምትሠራን ልጅ ከትርጉሙ ውጭ ያስቀራታል፤ እኔ በበኩሌ አልስማማበትም።)

በቤተሰብ አስታማሚ ላይ ያለውን ጫና ለመለካት በብዙ አገሮች የሚሠራበት መጠይቅ፣ ስቲቨን ዛሪትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1980 ካዘጋጁት የመነጨ ነው። በብዛት የሚሠራበት ቅጂ 22 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ስለሚሞላ ድምሩ እስከ 88 ይደርሳል። ከጥያቄዎቹ አንዱ፣ ከታማሚው አጠገብ ሲሆኑ ቁጣ ይሰማዎት እንደሆነ ሳይሸፋፍን ይጠይቃል። ቁጣው የእርስዎ ብቻ ነውር ቢሆን ኖሮ በመጠይቅ ውስጥ ቦታ ባልተሰጠው ነበር።

«ባረፈች» ስላሉት ቃል ጥቂት ልቆይ። ማረፍ በአማርኛ መሞትም ነው፣ ከድካም መገላገልም ነው። አስታማሚዎች ይህንን ቃል እያለቀሱ ሲናገሩ «ማን እንዲያርፍ ነው የፈለጉት?» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ፤ ብዙዎቹ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «እኔ» ይላሉ። ስቃይ እንዲያበቃ መመኘት፣ የታማሚውም ይሁን የራስ፣ ሰውን ለመጉዳት ከማሰብ ጋር አንድ አይደለም። ለንስሐ አባትዎ መንገር አለመንገሩ የእርስዎ ጉዳይ ነው፤ ይሁን እንጂ የንስሐ አባት የእናትዎን ልጆች ሁሉ በአንድ ቀን ጠርተው ለማነጋገር እኔ የሌለኝ ሥልጣን አላቸውና ቢነግሯቸው ከማጽናናት ያለፈ ጥቅም ሊያገኙበት ይችላሉ።

የእናትዎን እጅ ጨብጠው መነቅነቅዎን ግን አቃልዬ አላልፈውም። ማንም ባይጎዳም፣ የዛለ ሰው መጨረሻው ጫፍ ላይ መድረሱን የሚናገር ምልክት ነው። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ሥርዓት ያብጁ፦ ጥርስዎን መንከስ ወይም ድምፅዎ መጨመር ሲጀምር ማንኪያውን ያስቀምጡ፣ አፋቸው ውስጥ የቀረ ምግብ እንደሌለ ይዩ፣ እንዳይወድቁ አድርገው ያደላድሏቸው፣ ከክፍሉ ወጥተው 10 ደቂቃ ደጅ ይቀመጡ። ምሳው 10 ደቂቃ ቢዘገይ የሚመጣ ነገር የለም። እናትዎን ስለመጉዳት ወይም ራስዎን ስለማጥፋት ማሰብ ከጀመሩ ግን ይህ በሥርዓት የሚታለፍ አይደለምና፣ በዚያው ቀን ሌላ ሰው በቦታዎ ተክተው፣ አብሮዎት የሚሄድ ሰው ይዘው የድንገተኛ ክፍል ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱ።

ምግቡን መትፋታቸውም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። እርስዎ የገለጹት እንደ እልህ ነው፤ እኔ ግን ስትሮክ የመታው ሰው ብዙ ጊዜ የመዋጥ ችግር እንደሚገጥመው አስባለሁ። ምግብ በደከመው ጉንጭ ውስጥ ይቀራል፣ ውኃ ከወፍራም ነገር ይልቅ ያስላል፣ ታማሚውም መናገር ስለማይችል ያለው ምርጫ መትፋት ብቻ ይሆናል። ሲመገቡ ቀጥ አድርገው ያስቀምጧቸው፤ ትንሽ ትንሽ በማንኪያ፣ ጤነኛ በሆነው በግራ ጎናቸው በኩል ይስጧቸው፤ ቀኝ ጉንጫቸው ውስጥ የቀረ እንዳለ ይመልከቱ፤ ከበሉ በኋላም ለግማሽ ሰዓት ያህል አያስተኟቸው። ሲመገቡ የሚያስላቸው ወይም ድምፃቸው ውኃ እንደያዘ የሚሆን ከሆነ መዋጣቸው በሐኪም ይታይ። ከዚህ ሌላ ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉ ድባቴ ይይዛቸዋል፤ የምግብ እንቢታው፣ ልቅሶው፣ ሌሊት መጣራቱ ከዚያም ሊመጣ ይችላል፤ ይህም የሚታከም ነው። የእናትዎን ሕመም በሚገባ ማስመርመር የእርስዎን ሸክም ከማቃለል ተለይቶ አይታይም።

አሁን ወደ ራስዎ ምርመራ ልመለስ። ድካም ብቻ የሆነ እንደሆነ ሁለት ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ይመልሰዋል። መዛል በሁለት ሌሊት አይመለስም፤ ነገር ግን ከቤት ወጥተው ጥቂት ቀን ሲቆዩ፣ ከጓደኛ ጋር ቡና ሲጠጡ፣ ሳቅ ይመጣል፤ በሩን መልሰው ሲከፍቱ ደግሞ ደረት ይጠባል። ድባቴ ግን የትም ቢሄዱ አብሮ ይሄዳል፦ ቀድሞ የሚወዱት ሁሉ ጣዕም ያጣል፣ የምግብ ፍላጎትና እንቅልፍ ይዛባል፣ ራስን እንደ ጥፋተኛ መቁጠር ይበዛል፣ ይህም አብዛኛውን ቀን ለ2 ሳምንት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል። ይህ ልዩነት እንደ መነሻ ያገለግላል እንጂ እንደ ቁርጥ ፍርድ አይወሰድም፤ ሁለቱ አብረው የሚገኙበት ጊዜ ብዙ ነው። ለድባቴ የምንጠቀምበት ባለ 9 ጥያቄ መጠይቅ በአማርኛ ተተርጉሞ በአገራችን ተፈትሿል፤ ለመሙላት ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። የግድ ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል መሄድ አይጠበቅብዎም፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያላቸው ጠቅላላ ሆስፒታሎች አሉ፣ በአካባቢዎ ካለው ጤና ጣቢያ መጀመርም ይቻላል። ሲሄዱ ስለ እናትዎ ሳይሆን ስለ ራስዎ እንደመጡ በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ይናገሩ፤ አለዚያ ውይይቱ ሁሉ ስለ እርሳቸው ሆኖ ያልቃል። የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ሥራ መዛባትና የደም ግፊት እንዳለብዎም ይመርመሩ፤ በእርስዎ ዕድሜ ባለች ሴት ላይ የደም ማነስ ብቻውን መዛል መስሎ ሊታይ ይችላል።

ይህንን ሁሉ የምለው ነገሩ የስሜት ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ ነው። ጃኒስ ኪኮልት ግሌዘርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ጥናት፣ የመርሳት በሽታ ያለባቸውን ዘመዶቻቸውን በሚያስታምሙ ሴቶች ክንድ ላይ የተደረገ አንድ ዓይነት ትንሽ ቁስል፣ ከማያስታምሙ ሴቶች ይልቅ ለመዳን በአማካይ 9 ቀን ያህል ዘግይቷል። ከ4 ዓመት በኋላ ሪቻርድ ሹልዝና ስኮት ቢች በአሜሪካ ያሳተሙት ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው ከ66 እስከ 96 የሆኑ፣ የትዳር ጓደኛቸውን የሚያስታምሙና ጫናው የሚሰማቸው ሰዎች በ4 ዓመት ክትትል ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ከማያስታምሙት በ63 በመቶ ከፍ ያለ መሆኑን አሳየ። እርስዎ በዕድሜ ከነዚያ ሰዎች በጣም ያንሳሉና ቁጥሩን ለራስዎ አይውሰዱት። እኔ ከጥናቱ የምይዘው ሌላውን ግኝት ነው፦ እያስታመሙ ጫና ያልተሰማቸው ሰዎች ላይ እንዲህ ያለ ጭማሪ አልታየም። የሚጎዳው እንግዲህ ማስታመሙ ሳይሆን የጫናው ልክ ነው፤ ልኩን ደግሞ መለወጥ ይቻላል።

በእርስዎ ቤት መጀመሪያ ሊለወጥ የሚገባው ሌሊቱ ይመስለኛል። ከሆስፒታል ሲወጡ «በየ2 ሰዓቱ አገላብጪያት» ተብለው እንደሆነ እገምታለሁ፤ የአልጋ ቁስልን ለመከላከል የተለመደው ትእዛዝ ይህ ነው። ይህንን ለ2 ዓመት ከ4 ወር የጠበቀ ሰው አንድም ሌሊት በወጉ አልተኛም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካና በካናዳ የአረጋውያን መጦሪያ ተቋማት የተደረገ ጥናት ውጤት ከወጣ ወዲህ ትእዛዙን እንዳለ አልደግመውም፤ በጥሩ ጥቅጥቅ ስፖንጅ ፍራሽ ላይ የሚተኙ ታማሚዎች በየ2፣ በየ3 ወይም በየ4 ሰዓቱ ቢገላበጡ በአልጋ ቁስል መጠን ልዩነት አልታየም። በመሆኑም ወንድምዎ ከሚልከው ገንዘብ አስቀድሞ ደህና ፍራሽ ይገዛ። ከዚያም ቆዳቸውን ያየ ነርስ ከፈቀደ ከምሽቱ 4፣ ከሌሊቱ 8 እና ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ብቻ ማገላበጥ ይችላሉ። ጠዋት ተረከዛቸውን፣ ዳሌያቸውንና የጀርባቸውን ታች ይመልከቱ፤ በጣት ሲጫኑት የማይደበዝዝ ቅላት ካዩ፣ የጠቆረ ቆዳ ላይ ደግሞ ከሌላው ቦታ የሞቀ ወይም የጠጠረ ነገር ከዳሰሱ፣ ሰዓቱን መልሰው ያሳጥሩና ነርሷን ያማክሩ። እንዲህ ሲሆን ሌሊቱ ሁለት ይከፈላል፤ አንዱን ግማሽ ሌላ ሰው መውሰድ የሚችለውም ያኔ ነው።

ሌላው ሰው ማነው? እንደ አብዛኛው ቤተሰብ በእርስዎም ቤት ጠያቂ ሞልቷል፣ ተረኛ ግን የለም። ጎረቤት ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ የእድር ሴቶች ይመጣሉ፣ እህትዎ እሁድ ትመጣለች፤ ሁሉም አልጋው አጠገብ ተቀምጠው «እግዜር ይማራት፣ አንቺም ምርቃቷን ታገኛለሽ» ይላሉ፤ እርስዎ ደግሞ ቡና አፍልተው ያስተናግዷቸዋል። ያ ጥየቃ ለእናትዎ ክብር ነው፣ አልነቅፈውም። ለእርስዎ ግን ተጨማሪ ሥራ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን ተረት በየቤተሰብ ስብሰባው እሰማለሁ፤ ከተተረተ በኋላ ሎሚው ሲከፋፈል ያየሁት ግን ጥቂት ጊዜ ነው። የማይከፋፈልበትም ምክንያት የዘመድ ክፋት ብቻ አይደለም፤ ሎሚው ስንት እንደሆነ የቆጠረ ስለሌለ ነው።

ስለዚህ ይቁጠሩት። ለ7 ቀን በደብተር ላይ የሚሠሩትን ሁሉ ከነሰዓቱ ይጻፉ፦ ዳይፐር መቀየር፣ ገላ ማጠብ፣ አንሶላ ማጠብ፣ ማጉረስ፣ የግፊት መድኃኒት መስጠት፣ የደከመውን እጅና እግር ማንቀሳቀስ፣ መድኃኒት ቤት መሄድ፣ ቀጠሮ መያዝ፣ ጠያቂ ማስተናገድ። ከዚያ ለእህትዎና ለወንድምዎ በስልክ አንድ ላይ ሆነው ያንብቡላቸው፤ «ደክሞኛል» ብለው ግን አይጀምሩ። «ደክሞኛል» የሚለው ቃል መልሱ «አይዞሽ» ነው፤ «ማክሰኞና ሐሙስ ሌሊት ማን ያድራል?» የሚለው ጥያቄ ግን መልሱ ስም ነው። እህትዎ ልጆች እንዳሏት ይነግሩኝ ይሆናል። እንደዚያም ቢሆን እሁድ ለ2 ሰዓት መጥታ ከምትቀመጥ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 እስከ 11 ሰዓት ብቻዋን ብትይዝና እርስዎ ከቤት ቢወጡ፣ ያው ጉብኝት ወደ ተረኝነት ይለወጣል።

ወንድምዎን በተመለከተ፣ ገንዘብ መላኩ እርዳታ አይደለም የሚሉትን አልደግፍም፤ እርዳታ የሚሆነው ግን ስም ሲወጣለት ነው። «ለእማዬ» ተብሎ የመጣ ብር በጤፍና በመድኃኒት ያልቃል። «በሳምንት ለ3 ቀን ተመላላሽ ሠራተኛ፣ በወር 2 ጊዜ ቤት ለቤት የምትመጣ ነርስ» ተብሎ የተለየ ብር ግን የእርስዎን ጉልበት ይተካል። መድኃኒት ሲያልቅ በስልክ ማፈላለግና የሐኪም ቀጠሮ መከታተልም ከአሜሪካ ሆኖ የሚሠራ ሥራ ነው። አንድ ነገር በድፍረት ልጨምር፦ ውጭ አገር ያሉ ብዙ ልጆች ዓመታዊ ፈቃዳቸውንና የትኬት ገንዘባቸውን ለክፉ ቀን ብለው ይይዙታል፤ ክፉ ቀን የሚሉትም ቀብሩን ነው። ወንድምዎ በዚያው ትኬት ዘንድሮ መጥቶ 3 ሳምንት ቢያስታምም፣ እናትዎ ያዩታል፣ እርስዎም ያርፋሉ።

እድሩንም ይጠይቁ። ሰው ሲሞት ድንኳን ተክሎ፣ ወጥ ሠርቶ፣ ቀንና ሌሊት አብሮ የሚያድረው ማኅበር ተራ የማውጣት ችሎታ አለው፤ ሕመም ላይ እንዲያውለው የሚጠይቀው ሰው ነው ያጣው። ሁለት የሚታመኑ ሴቶች በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ቢይዙልዎ ብዙ ነው።

ሥራዎን ባይለቁ እመርጣለሁ፤ ቢያንስ በዚህ ድካም ውስጥ ሆነው አይወስኑ። ቢሮው ደመወዝ ብቻ ሳይሆን ከአልጋው ርቀው የሚተነፍሱበት የቀረ ቦታ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዘመድ ሲሞት ከደመወዝ ጋር 3 የሥራ ቀን ይሰጣል፤ ለማስታመም በስሙ የተለየ ፈቃድ ግን አያውቅም። ያለው አማራጭ ለልዩና ከባድ ሁኔታ ያለ ደመወዝ እስከ 5 ተከታታይ ቀን፣ በበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ ሳይበልጥ፣ እንዲሁም ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት ከ16 የሥራ ቀን የሚጀምረው የዓመት ፈቃድ ነው። የዓመት ፈቃድዎን ሁሉ በማስታመም አይጨርሱት፤ ጥቂቱን እናትዎን ሌላ ሰው ይዞልዎ ለሚተኙበት ቀን ያስቀሩ።

እዚህ ላይ የእኛን የባለሙያዎችንም ጥፋት ልናገር። ለዓመታት ታማሚውን ስመረምር፣ ፌስታልና የካርድ ወረቀት ይዛ ጥግ የቆመችውን ሴት «መድኃኒቱን በሰዓቱ ስጪ» ከማለት በቀር ዓይኔን አንሥቼ አላየኋትም ነበር። አንድ ቀን አንዲት አስታማሚ በቆመችበት ተዝለፍልፋ ወደቀች፤ ስሟን መጠየቅ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ሐኪምዎ ካልጠየቀዎ እርስዎ ይናገሩ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ እንደማይሳካ ከወዲሁ ይወቁት። አርብ ማታ ለእናትዎ ነገ እህትዎ እንደምትውል በአጭር ቃል፣ ዓይናቸውን እያዩ ይንገሯቸው፤ ንግግር የጠፋበት ሰው ብዙ ጊዜ ከሚናገረው በላይ ይረዳል። ሊያለቅሱ ይችላሉ፤ ከስትሮክ በኋላ ዕንባ በቀላሉ ስለሚመጣ ልቅሶው እንቢታ ላይሆን ይችላል። ቅዳሜ ደግሞ ከእህትዎ እጅ አልበላም ይሉ ይሆናል፤ እህትዎም ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ትደውልልዎታለች። የስኳር መድኃኒት የማይወስዱ ከሆነ አንድ ምሳ ቢያንስባቸው አይጎዱም። በስልክ ያስረዷት፦ ቀጥ አድርጋ ታስቀምጣቸው፣ በግራ በኩል በትንሽ ማንኪያ ታጉርሳቸው፣ እንቢ ካሉ ትተው፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ትሞክር። እርስዎ ግን እስከ 11 ሰዓት አይመለሱ።